የጋለ እንፋሎት በደጋ አገር
ከመንዝ እስከ ጀማ ሸለቆ፣ የቦይለር ጥያቄ ዳሰሳ

መሐል ሜዳ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለምታልፍ የሚጫናት አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በ30 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ውሃውም መቶ ዲግሪን ሳይጠብቅ ይንተከተካል። በ2,840 ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን 90 ተኩል፣ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ደግሞ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ያፈላሉ። መንዝ ውስጥ ባቄላ ጥዶ ንፍሮ የጠበቀ ሰው ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ቦይለር የሚያሠራ ሰው ግን ሊማረው ይገባል፤ ምክንያቱም ከማሽኑ ጋር የመጣለት መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ በቦይለር ሙያ ውስጥ ያረጀ ነው፦ የጋለ እንፋሎት፣ በፋብሪካ ቋንቋ ሱፐርሂትድ ስቲም፣ የሚመረትበትን መንገድ እንዴት ማሻሻል ይቻላል? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ከሚሠሩት ቦይለሮች አብዛኞቹ የቸገራቸው የሙቀት ማነስ አይደለም፤ የቸገራቸው እንፋሎቱ እርጥብ መሆኑና ግፊቱ በትክክል አለመታወቁ ነው። የጋለ እንፋሎት ትክክለኛ ቦታው ተርባይን ነው። ለተርባይንም ቢሆን ሥራው የሚጀምረው ከሱፐርሂተሩ ቱቦ ሳይሆን ወደ ቦይለሩ ከሚገባው ውሃ ነው።

መሠረቱን ቶሎ እንለፈው። እንፋሎት ከፈላው ውሃ ጋር አብሮ እስካለ ድረስ ምንም ያህል እሳት ቢነድበት ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ አያልፍም፤ የተጨመረው እሳት ሁሉ ተጨማሪ ውሃ ለማትነን ይውላል። መፍያው ነጥብ የሚወሰነው በግፊት ነው፦ በ10 ባር ፍጹም ግፊት 180 ዲግሪ፣ በ40 ባር 250 ዲግሪ ነው። እንፋሎቱን ከውሃው ለይተን በሌላ የቱቦ ጥቅልል ውስጥ አሳልፈን እንደገና በትኩስ ጭስ ስንመታው ብቻ ከመፍያው ነጥብ በላይ ይግላል። ይህ ጥቅልል ሱፐርሂተር ይባላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ሽሚት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሎኮሞቲቭ ላይ ሠርቶ ያስመሰከረው ይህንኑ ነው፤ በ1898 እ.ኤ.አ. የፕሩሲያ ባቡሮች ላይ የተገጠመው ሱፐርሂተር የከሰልና የውሃ ፍጆታን በጉልህ ስለቀነሰ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። በእኛ አገር የእንፋሎት ጉልበት በሰው ዓይን የታየው በዚያው ዘመን ነው፤ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያመጣትና ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ያላት የእንፋሎት መኪና አዲስ አበባ የደረሰችው በ1896 ዓ.ም ገደማ ነው። የጅቡቲው የምድር ባቡርም በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ የሚጎተተው በእንፋሎት ነበር።

እንፋሎትን ማጋል ምን ይጠቅማል? ብዙ ሰው የሚመልሰው «ብቃት ይጨምራል» ብሎ ነው። እውነት ነው፤ ግን ከሚታሰበው ያነሰ እውነት ነው። በእንፋሎት ሠንጠረዥ እንሥራው። በ40 ባር የሚሠራ ቦይለርና 80 በመቶ ብቃት ያለው ተርባይን እንውሰድ፤ ከተርባይኑ የወጣውን እንፋሎት መልሶ ውሃ የሚያደርገው ኮንደንሰር 39 ዲግሪ ላይ ይሁን። እንፋሎቱ ሳይግል በ250 ዲግሪ ቢገባ ከአንድ ኪሎ እንፋሎት 735 ኪሎጁል ገደማ ሥራ ይገኛል። እስከ 400 ዲግሪ አግለን ብናስገባው ሥራው ወደ 890 ኪሎጁል ያድጋል። ይህ በኪሎ የ21 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ነገር ግን ለማጋል የነደደውን እሳት ስናስብ የሙቀት ብቃቱ ከ27.8 ወደ 29.2 በመቶ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ዋናው ትርፍ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ያልጋለው እንፋሎት ከተርባይኑ ሲወጣ 21 በመቶው ውሃ ሆኗል፤ የጋለው ግን 10 በመቶ ብቻ ነው። የተርባይን የመጨረሻ ምላጮች ከ10 እስከ 12 በመቶ በላይ እርጥበት አይታገሡም፤ ጠብታው በከፍተኛ ፍጥነት እየመታ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ሱፐርሂተር በመጀመሪያ የምላጮቹ ጋሻ ነው፤ ነዳጅ ቆጣቢነቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ደጋው እዚህ ላይ የራሱን ነገር ይጨምራል። የደብረ ብርሃን አማካይ የአየር ሙቀት በዓመት 13 ዲግሪ ያህል ነው። ቀዝቃዛ አየርና ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ቦታ ኮንደንሰሩ ጥልቅ ባዶነት ይፈጥራል፤ ያ ደግሞ ከእያንዳንዱ ኪሎ የሚገኘውን ሥራ ያበዛል። ነገር ግን እንፋሎቱ ይበልጥ በተስፋፋ ቁጥር ይበልጥ ይረጥባል። ቆላ ላይ በ380 ዲግሪ የሚያሠራ ተርባይን ደጋ ላይ ቅዝቃዜውን በሙሉ ለመጠቀም ከፈለገ ከፍ ያለ ሙቀት ይጠይቃል ማለት ነው። አዋሽ ሸለቆ ላይ የተሠራን ንድፍ ገልብጦ ሽቅብ ማውጣት የማያዋጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ተቃራኒው ልሂድ፤ የጋለ እንፋሎት የሚጎዳበት ቦታ አለ። ከመንዝ በግ ፀጉር በርኖስና ባና ሲሠራ በኖረበት አገር፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ መተከሉ በዘፈቀደ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክም በጨርቃ ጨርቅና ልብስ ላይ ያተኮረ ነው። ሁለት ቢራ ፋብሪካዎች፣ ዳሽንና ሐበሻ፣ እዚያው አሉ። ማቅለሚያ ገንዳ፣ ማድረቂያ ሮለር፣ የቢራ ጥንስስ ማፍያ፣ ሁሉም እንፋሎት ይፈልጋሉ፤ አንዳቸውም ግን የጋለ እንፋሎት አይፈልጉም። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንፋሎት ሙቀቱን በብዛት የሚሰጠው ወደ ውሃ ሲመለስ ነው። በ10 ባር አንድ ኪሎ እንፋሎት ውሃ ሲሆን 2,014 ኪሎጁል ይለቃል፤ ከ180 ወደ 250 ዲግሪ ለማጋል የጨመርነው ግን 166 ኪሎጁል ብቻ ነው። በዚያ ላይ የጋለ እንፋሎት እንደማንኛውም ደረቅ ጋዝ ሙቀቱን ለብረት ሲያስረክብ ዝግተኛ ነው፤ ወደ ውሃ እየተለወጠ ያለ እንፋሎት ሙቀት የሚያስተላልፍበት አቅም እስከ መቶ እጥፍ ሊበልጠው ይችላል። ስለዚህ ማቅለሚያ ቤት ውስጥ «እንፋሎቱን እናግለው» የሚል ሐሳብ ሲነሳ በጨዋ ደንብ መቃወም ያስፈልጋል።

ከፍታው ግን ለእነዚህ ፋብሪካዎች ሌላ እውነተኛ ችግር ይሰጣል። ሱፍ በደንብ ቀለም የሚጠጣው መቶ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ገንዳ ከ90 ተኩል አያልፍም፤ ምንም ያህል እንፋሎት ቢለቀቅበት ከመትነን በቀር ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። የቢራ ጥንስስም እንዲሁ ነው፤ በጌሾ ፈንታ የሚገባው ሆፕ መራራነቱን የሚሰጥበት ለውጥና መጥፎ ሽታን የሚያስወግደው ትነት ሁለቱም ሙቀት ሲቀንስ ይዘገያሉ። መፍትሔው የተዘጋና በመጠኑ ግፊት ያለበት ማፍያ ወይም ረዘም ያለ ጊዜ ነው። የሱፐርሂተር ሥራ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሆስፒታል ነው። ዓለም ከተማ ላይ በካርል ሃይንዝ ቦም በተቋቋመው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት የተሠራው እናት ሆስፒታል፣ የመሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ በየወረዳው ያሉት ጤና ጣቢያዎች፣ ሁሉም የቀዶ ሕክምናና የማዋለጃ መሣሪያቸውን በእንፋሎት ነው የሚያመክኑት። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ከፍታ ጀርምን የሚገድለው 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ወይም 134 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ ነው። 121 ዲግሪ ለማግኘት 2.05 ባር ፍጹም ግፊት ያስፈልጋል። ጌጅ የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ባሕር ወለል ላይ 1.04 ባር ሲያነብ እዚያ ይደርሳል። መሐል ሜዳ ላይ ግን የአካባቢው አየር 0.69 ባር ብቻ ስለሆነ ጌጁ 1.36 ማንበብ አለበት። አንድ ባለሙያ በግፊት ብቻ በሚሠራ ድስት ላይ የመመሪያውን 1.04 ቢጠብቅ ውስጡ 116 ዲግሪ ገደማ ነው። አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። የማምከን ስሌት ግን አሥር ዲግሪ ሲቀንስ የመግደል ፍጥነቱ በአሥር እጥፍ እንደሚቀንስ ይነግረናል፤ በዚህ መሠረት 15 ደቂቃው የሚሠራው የአራት ተኩል ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው። አንዲት እናት ከዚያ ድስት በወጣ መቀስ እትብት ሲቆረጥላት ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። አዳዲሶቹ ማምከኛዎች በሙቀት መለኪያ ስለሚሠሩ ይህን ያርማሉ፤ በምድጃ ላይ የሚጣዱት አሮጌዎቹ ግን አያርሙም። በየድስቱ ላይ የከፍታውን ትክክለኛ ግፊት በቀለም መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

የጋለ እንፋሎት እዚህ ቦታ ድብቅ ጠላት ነው። ማምከኛ ውስጥ ጀርም የሚሞተው እንፋሎቱ በመሣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ እርጥብ ሙቀቱን ሲያስረክብ ነው። እንፋሎቱ ከጋለ፣ ደረቅ አየር መሰለ ማለት ነው፤ በደረቅ አየር ለማምከን ደግሞ 160 ዲግሪና ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ደረጃ ለትልልቅ ማምከኛዎች የሚገባው እንፋሎት ወደ ከባቢ አየር ግፊት ሲለቀቅ ከመፍያው ነጥብ ከ25 ዲግሪ በላይ የጋለ እንዳይሆን፣ ድርቀቱም ከ95 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። መጋሉ ከየት ይመጣል? አንዱ መንገድ ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ነው፤ ፍጹም ደረቅ እንፋሎት ከ10 ወደ 3 ባር በአንዴ ሲወርድ 24 ዲግሪ ያህል ይግላል። ሌላው ብዙዎች የማያስቡት ነው። ከመጠን በላይ የደረቀ የጥጥ ጨርቅ፣ በተለይ በበጋው ደረቅ አየር ውሎ በካውያ የተተኮሰ፣ እንፋሎት ሲያገኘው እርጥበቱን እየመጠጠ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ በጥቅሉ መሐል ያለው እንፋሎትም ይግላል። ጨርቁን አጥቦ ከተኮሱት በኋላ ወዲያው ከመጠቅለል ይልቅ የክፍሉን እርጥበት እስኪመጥጥ ማቆየት ይበቃል።

ወደ ተርባይን ቦይለር እንመለስ። የጋለ እንፋሎትን የማሻሻል ጥረት በአብዛኛው ከቦይለሩ ድራም ውስጥ ነው መጀመር ያለበት። ከሚፈላው ውሃ ላይ የሚነሳው እንፋሎት ጠብታ ይዞ ይወጣል፤ ጠብታው ጨው ይዟል። ጠብታው ሱፐርሂተሩ ውስጥ ሲተን ጨው በቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀራል። የጨዉ ሽፋን ሙቀት ስለማያሳልፍ የቱቦው ብረት እየጋለ ይሄድና አንድ ቀን ይፈነዳል። ፍንዳታው ሲመረመር «ሱፐርሂተሩ ደካማ ነው» ይባላል፤ ጥፋቱ ግን ከወራት በፊት ውሃ ማጣሪያው ላይ ተጀምሯል። በድራሙ ውስጥ የሚገጠሙ ሳይክሎኖችና የተቆለመሙ ቆርቆሮዎች ጠብታውን ይለያሉ፤ የውሃው ጨው ከበዛና አረፋ ከሠራ ግን የትኛውም መለያ አይችለውም። የብሎውዳውንን፣ ማለትም ጨው የበዛበትን ውሃ ከቦይለሩ የማስወጣትን፣ መጠን በስሜት ሳይሆን በጨው መለኪያ ንባብ መወሰን፣ የእንፋሎት ጥያቄው በድንገት እንዳይዘል ማድረግ፣ የድራሙን የውሃ ከፍታ ማረጋጋት፣ እነዚህ ርካሽ ሥራዎች ከአዲስ ሱፐርሂተር ይበልጣሉ።

ውሃው ደግሞ ከአለቱ ነው የሚመጣው። የመንዝና የግሼ ደጋ ቤዛልት፣ ማለትም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ የሚመነጨው ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ቢኖረውም በአብዛኛው መካከለኛ ነው፤ ጨዋማነቱም አነስተኛ ነው። ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆ ሲወረድ ግን ቤዛልቱ ያልቅና ከታቹ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይገለጣል። ከእነዚህ አለቶች የወጣ ውሃ ቦይለር ውስጥ ድንጋይ ይተክላል። የዚህ ቅርፊት ሙቀት የማሳለፍ አቅም ከብረት በብዙ አሥር እጥፍ ያነሰ ነው። ስምጥ ሸለቆ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው ሲሊካና ፍሎራይድ ይበዛበታል። ሲሊካ በዝቅተኛ ግፊት ብዙ አያስቸግርም፤ ግፊቱ ከ60 ባር ሲያልፍ ግን ራሱ ከእንፋሎቱ ጋር እየተነነ ሄዶ ተርባይን ምላጭ ላይ እንደ መስታወት ይጋገራል። እንግዲህ አንድ ዓይነት ቦይለር በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት የውሃ ማጣሪያ ይፈልጋል። በጨረታ ሰነድ ላይ ግን የውሃ ትንተና ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ነው።

በመጋቢው ውሃ ላይ ከፍታው እንደገና ይመጣል። ኦክስጅን ከውሃ የሚወጣው ውሃው ሲፈላ ነው፤ ለዚህ የሚያገለግለው ዲኤሬተር በተለምዶ 105 ዲግሪ ላይ ይሠራል። ባሕር ወለል ላይ 0.2 ባር የጌጅ ግፊት ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ላይ በዚያው 0.2 ባር 97 ዲግሪ ብቻ ያገኛል፤ 105 ለመድረስ 0.49 ባር መጠበቅ አለበት። ኦክስጅኑ በ97ቱም ቢሆን ይወጣል፣ ምክንያቱም ወሳኙ መፍላቱ ነው፤ የጠፋው ስምንት ዲግሪ የመጋቢ ውሃ ሙቀት ግን በነዳጅ ይከፈላል። ክፍት የመጋቢ ታንክ ባለበት ቦታ ደግሞ መመሪያው «95 ዲግሪ ጠብቅ» ካለ ታንኩ ከ90 ተኩል በላይ መሄድ ስለማይችል ይፈላል፤ ፓምፑም እንፋሎት እየዋጠ ይንኳኳል። በዚሁ የአየር መሳሳት የተነሳ ፓምፕ ከጉድጓድ ውሃ ስቦ የሚያነሳበት ከፍተኛ ቁመት ባሕር ወለል ላይ በስሌት 10.3 ሜትር ሲሆን ደብረ ብርሃን ላይ ከ7.3 አያልፍም።

እሳቱም ከፍታውን ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት ከባሕር ወለሉ 71 በመቶ ነው። ስለዚህ ያንኑ ነዳጅ ለማቃጠል ነፊው ፋን በመጠን 40 በመቶ የበለጠ አየር ማቅረብ አለበት። በባሕር ወለል የተለካ በርነር ሳይስተካከል ቢተከል ከባድ ጥቁር ናፍጣ በቂ አየር ስለማያገኝ ጥላሸት ይሠራል። ጥላሸቱ የት እንደተጋገረ ደግሞ የእንፋሎቱን ሙቀት በተቃራኒ አቅጣጫ ይለውጣል። የምድጃው ግድግዳ ቱቦዎች ላይ ከተጋገረ ጭሱ ሙቀቱን ሳይሰጥ ያልፍና ሱፐርሂተሩ ጋ ሲደርስ ይበልጥ ትኩስ ነው፤ እንፋሎቱ ከሚገባው በላይ ይግላል። ሱፐርሂተሩ ራሱ ላይ ከተጋገረ ግን የእንፋሎቱ ሙቀት ይወርዳል። የእንፋሎት ቴርሞሜትር ሲዛነፍ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው። ትርፍ አየር መጨመርም የራሱ ጣጣ አለው፤ የጭሱን መጠን ስለሚያበዛ በጭስ መንገድ ላይ ያለውን ሱፐርሂተር ያግለዋል፣ ብዙ ሙቀትም በጭስ ማውጫ ይዞ ይወጣል። የጭስ ኦክስጅን መለኪያ የሌለው ቦይለር በጭፍን ነው የሚሠራው።

የሙቀቱን መጠን በአንድ ቦታ ማቆየት ከማጋሉ ይልቅ የከበደ ሥራ ነው። በጭስ መንገድ ላይ የተዘረጋ ሱፐርሂተር ጭነት ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ነበልባሉን ፊት ለፊት የሚያይ ሱፐርሂተር ግን ጭነት ሲጨምር ሙቀቱ ይቀንሳል። ሁለቱን በተከታታይ ማገናኘት መስመሩን ያስተካክለዋል፤ ከሁለቱ መሐል ንጹሕ ውሃ በመርጨት የቀረውን መዛነፍ ማረም ይቻላል። የሚረጨው ውሃ ንጹሕ ካልሆነ ግን ጨዉን በቀጥታ ወደ ተርባይኑ መላክ ነው። አስተካክሎ ማቆየት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ብረት ስለሚያረጅ ነው። ተራ የካርቦን ብረት ከ425 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ አይታመንም፤ ከዚያ በላይ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት ይፈለጋል። በሙያው የታወቀ ግምት አለ፦ ቱቦ ከታቀደለት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በላይ በቋሚነት ከሠራ ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ታላላቆቹም ይህን ተምረዋል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ አጠገብ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የኤዲስተን ኃይል ማመንጫ 345 ባርና 649 ዲግሪ ተብሎ ነበር የተነደፈው፤ ብረቱ ስላልቻለ ወደ 610 ዲግሪ ዝቅ ተደርጎ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

አገራችን የጋለ እንፋሎትን በስፋት የምታውቀው በስኳር ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም ማምረት ሲጀምር አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ባጋስ ነዳጁ ነበር፤ መተሐራና ፊንጫም በዚያው መንገድ ተከተሉ። ባጋስ ግማሹ ውሃ ነው። በዓለም ዙሪያ የድሮ ስኳር ፋብሪካዎች ቦይለሮች ከ20 እስከ 30 ባር ላይ ይሠሩ ነበር፤ ዓላማቸው ጭማቂ ማፍላትና ባጋሱን ማስወገድ ስለነበር ብቃት አያሳስባቸውም ነበር። ትርፍ ኤሌክትሪክ መሸጥ ሲጀመር ነገሩ ተለወጠ። ሞሪሸስ ላይ ባጋስ የሚያነዱ ማመንጫዎች 82 ባርና 525 ዲግሪ ደርሰዋል። ከላይ በጀመርኩት ስሌት ከ40 ባርና 400 ዲግሪ ወደ 65 ባርና 480 ዲግሪ መውጣት ከአንድ ኪሎ እንፋሎት የሚገኘውን ሥራ ከ890 ወደ 1,010 ኪሎጁል ገደማ ያሳድጋል። ለኢትዮጵያ ስኳር ፋብሪካዎች ይህ ደረጃ ይገባል እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ለመውጣት ግን የውሃ ማጣሪያውና የሠራተኛው ሥልጠና አስቀድሞ መድረስ አለበት።

ሁሉም ነዳጅ ግን ይህን አይፈቅድም። አዲስ አበባ ቆሼ ላይ በመጋቢት 2009 ዓ.ም የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሥፍራ በነሐሴ 2010 ዓ.ም የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ቆሻሻ አቃጥሎ ተርባይን ያዞራል። ቆሻሻ ውስጥ ያለው ፕላስቲክና ጨው ክሎሪን ይለቃል፤ ክሎሪን የጋለ ሱፐርሂተር ብረትን ይበላል። ለዚህ ነው የዓለም ቆሻሻ ማቃጠያዎች በአብዛኛው 40 ባርና 400 ዲግሪ ላይ የሚቆሙት። የእህል ገለባም ፖታሲየምና ክሎሪን ስላለበት ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ዴንማርኮች በገለባ ቦይለሮቻቸው በ450 ዲግሪ ጀምረው ቀስ በቀስ ነው ከ500 በላይ የወጡት። ይህን የማነሳው መንዝ የገብስ አገር ስለሆነ አንዳንዴ «ገለባውን ለኃይል» የሚል ሐሳብ ስለሚሰማ ነው። የመንዝ ገለባ የበጎቹ ቀለብ ነው፤ ከብረቱ ችግር በፊት የከብቱ ይቀድማል። ከጓሳ ሣርም ቦይለር የሚጠብቅ ካለ ተስፋውን ይቁረጥ፤ ያ የመንዝ ደጋ ሣር ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት የተጠበቀ የሕዝብ ሀብት ነው። ለደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች የተሻለው አማራጭ፣ እንፋሎቱ የጋለ መሆን ስለሌለበት፣ የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው፤ ጭስ የለውም፣ የአየሩ መሳሳትም አያገባውም።

የጋለ እንፋሎት በዚህ አካባቢ በእውነት ቦታ የሚያገኘው ለሚ ላይ ነው። ከሙከ ጡሪ ተነስቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጀማን ከመሻገሩ በፊት በለሚ ያልፋል፤ እዚያ፣ እንሳሮ ወረዳ ውስጥ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 10,000 ቶን ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆን የተቃጠለ ድንጋይ፣ የማምረት አቅም አለው። ይህን ያህል ምድጃ ከቅድመ ማሞቂያው ማማና ከክሊንከር ማቀዝቀዣው ከ300 እስከ 380 ዲግሪ የሚሞቅ ጋዝ ይለቃል። በቻይናና በሕንድ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከዚህ ጋዝ በአንድ ቶን ክሊንከር ከ30 እስከ 40 ኪሎዋት ሰዓት ማውጣት የተለመደ ነው። በዝቅተኛው ቁጥር ብናሰላ የለሚን ያህል ምድጃ 12.5 ሜጋዋት ያህል ይሰጣል፤ ያውም ተጨማሪ ነዳጅ ሳይነድ።

እዚህ ላይ የስኳሩ ትምህርት ይገለበጣል። ባጋስ ሲነድ ነበልባሉ ከሺህ ዲግሪ ስለሚቀርብ ግፊትን መጨመር ያዋጣል። የሲሚንቶ ጋዝ ግን 350 ዲግሪ ብቻ ነው። ግፊቱን 40 ባር ብናደርገው ውሃው በ250 ዲግሪ ስለሚፈላ ጋዙ በማትነኛው ውስጥ ከ265 በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ አብዛኛው ሙቀት ሳይያዝ ያልፋል። በ10 ባር ግን ውሃው በ180 ስለሚፈላ ጋዙ እስከ 195 ድረስ ይሰጣል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ምድጃ የሚመረጠው ዝቅተኛ ግፊት ነው፤ ማጋሉ ግን ጋዙ እስከፈቀደ ድረስ፣ 320 ወይም 330 ዲግሪ ይሁን። በእኔ እምነት በዚህ ዞን ውስጥ ገንዘብና የመሐንዲስ ጭንቅላት በጋለ እንፋሎት ላይ መዋል ካለበት ቦታው ይህ ነው።

ችግሮቹም የአካባቢው ናቸው። ከማማው የሚወጣው ጋዝ በሜትር ኩብ ከ60 ግራም በላይ አቧራ ስለሚይዝ የሱፐርሂተር ቱቦዎች ሳይደፈኑ የሚራገፉበት የመዶሻ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከማቀዝቀዣው የሚመጣው አቧራ ደግሞ አሸዋማ ስለሆነ ብረት ይፈገፍጋል። የኖራ ድንጋዩን የሚያደርቀው ይኸው ጋዝ ነው፤ በሐምሌና ነሐሴ ድንጋዩ ረጥቦ ሲመጣ ወፍጮው ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ ለቦይለሩ የሚቀረው ይቀንሳል። በክረምት የሚገኘውን ኃይል በበጋው ቁጥር ማቀድ ስህተት ነው። ውሃው ከኖራ አለት የሚመጣ ከሆነ ሙሉ የማለስለሻና የጨው ማስወገጃ ክፍል ይጠይቃል፤ ጀማ በበጋ ስለሚደክም ኮንደንሰሩን በአየር ማቀዝቀዝ ይሻላል፤ የሳሳው አየር ደግሞ ትልልቅ ፋን ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ቁጥር የሚያነብ ሰው ከሩቅ መምጣት የለበትም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በቅርብ አለ። ለቢራ ፋብሪካዎቹ፣ ለብርድ ልብሱ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ለሚ ላይ ላለው ምድጃና ለሆስፒታሎቹ ማምከኛ ጭምር የሚያገለግል አንድ የጋራ የቦይለር ውሃና የእንፋሎት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ቢቋቋም፣ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች የውሃ ጨው መለኪያ፣ የጭስ ኦክስጅን መለኪያ፣ የእንፋሎት ድርቀት መመርመሪያና በፍጹም ግፊት የሚያነብ ጌጅ ናቸው። መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ያሉት የማምከኛ ድስቶች በአንድ ሳምንት ተፈትሸው ትክክለኛው ግፊት ሊጻፍባቸው ይችላል፤ የለሚን የጋዝ ሙቀት ግን ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ተከታትሎ መመዝገብ ያስፈልጋል።